የትኛው ታንኳ?

አንዳንዱ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዳንዱ ርግብ ያረባል። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሥራው ላይ ይውልና ማታ ጠረጴዛው ላይ መብራት አብርቶ ተዋጊ ጀት ይሠራል። እውነተኛውን አይደለም፤ አንድ ሰባ ሁለተኛውን። 15 ሜትር ግድም የሚረዝመው ኤፍ-16 በ1 ለ 72 መጠን ሲያንስ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ እንኳ አይሞላም። ክፍሎቹ በካርቶን ተሽገው ይሸጣሉ። አንድ ልጅ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ለእራት ሊያደርሰው ይችላል። እነዚህ ሰዎች ግን ወራት ይፈጅባቸዋል።

ወራት ሙሉ ምን ይሠራሉ? ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍ-16 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ያው ነው፤ አካሉ ግን ያው ሆኖ አያውቅም። ሌላ ሞተር ሲገጠምለት ከሆዱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ አፉ ሰፋ። ወዳጅን ከጠላት የሚለይ መሣሪያ ሲጨመርለት ከአብራሪው መስታወት ፊት ለፊት አራት ስለት መሳይ ትናንሽ አንቴናዎች ተተከሉበት። ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ኤፍ-16 ነው። በእውነተኛው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነገር በትንሹ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የስንዴ ቅንጣት አያህልም። እነዚህ ሰዎች ታዲያ ያቺን 2 ሚሊ ሜትር ከስስ ብረት ቆርጠው፣ በወረንጦ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይለጥፏታል።

መቼም ሥራ ፈትነት ይመስላል። ግን ያቺ የስንዴ ቅንጣት የማታህል አንቴና ወሬ አላት። ዓመተ ምሕረት ትናገራለች፤ የየትኛው አገር አየር ኃይል እንደሆነ ትናገራለች፤ ምን ችግር ገጥሟቸው እንደጨመሯት ትናገራለች። እሷ ከሌለች በጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር «ኤፍ-16ን የሚመስል ነገር» ነው እንጂ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው የበረረበት አውሮፕላን አይደለም።

ለእኛም ነገሩ እሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ኤፍ-5ኤ የተባለውን ጀት እ.ኤ.አ. በ1966 ተረከበች፤ ኤፍ-5ኢ የተባለው ታናሽ ወንድሙ የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው አብዛኞቻችን አንለያቸውም። የሚያውቅ ሰው ግን ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ያያል፤ በኢው ላይ ሰፋ ይላል። የአፍንጫውን እግር ያያል፤ የኢው ሲነሣ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ሰማይ ላይ የሶማሊያን ሚግ-21ዎች የገጠመው ኢው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ይኸው የኦጋዴኑ ኤፍ-5ኢ» ብሎ የኤውን ክንፍ የያዘ ሞዴል ቢያስቀምጥልን፣ ያስቀመጠልን ሌላ ታሪክ ነው። ሳይዋሽ ዋሸ ማለት ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ጀት ለማውራት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ስለምትሸጠው ትንሿ ታንኳ ለማውራት ነው።

ታውቋታላችሁ። ጣና ዳር ጀልባ መሳፈሪያው ጋ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት በሚወስደው መንገድ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ በየማስታወሻ ዕቃ ሱቁ ትሸጣለች። ክንድ የማትሞላ፣ ከደንገል የተሠራች፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ያለ። ፈረንጁ ይገዛታል፤ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣውም ይገዛታል። ሆቴሉም በእንግዳ መቀበያው ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ ቴሌቪዥን ላይ፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትጠጣ ትኖራለች። እኔም ታምረኛለች። መልኳ ያምራል፤ እጅ ላይ ስትይዟት ቀላል ናት፤ አዲስ ከሆነች የሐይቅ ሽታ አላት።

ግን የትኛዋ ታንኳ ናት?

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩአት። ብዙዎቹ ትንንሽ ታንኳዎች ውስጣቸው እንደ እንጨት ጀልባ ጎድጎድ ያለ ነው፤ አለዚያም ድፍን ነዶ ናቸው። እውነተኛዋ ታንኳ ሁለቱንም አይደለችም። ከሥርና ከዳር ያለው የደንገል እስር ቅርጿን ይሰጣታል፤ ውስጧ ደግሞ ሌላ ወፍራም የደንገል እስር ይነጠፋል፤ ሰውም ጭነትም የሚቀመጠው በዚህኛው ላይ ነው። ይህች ሁለተኛ ንጣፍ ጌጥ አይደለችም፤ የታንኳ ዋና ምሥጢር እሷ ናት። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ ስለማያስገባ ነው። ታንኳ ግን ውኃ ታስገባለች፤ ብታስገባም አትሰጥምም። የሚያንሳፍፋት በደንገሉ አገዳ ውስጥ ያለው ነጭ፣ ቀላል፣ አየር ያዘለ ሥጋ ነው። ውኃው ከሥር ይገባል፤ ሰውየው ከላይ ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል። ትንሿን ታንኳ ጎድጎድ አድርጎ የሠራ ሰው እንግዲህ አንዲት ዝርዝር አይደለም የዘለለው፤ ታንኳ ለምን ታንኳ እንደሆነች ነው የዘለለው።

ወደ ገመዱ እንምጣ። ታንኳ ምስማር የላትም፤ ሁሉ ነገሯ እስር ነው። ድሮ የምትታሰረው ከዛፍ ልጥ በተገመደ ገመድ ነበር፤ ኋላ ናይለን መጣ። ይህ ጀቱ ላይ እንደተጨመረችው አንቴና ያለ ለውጥ ነው፤ ትንሽ ናት፤ ግን ዓመተ ምሕረት አላት። ልጥ ሲረጥብና ሲደርቅ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ናይለን ሌላ ነው። ገመዱ ሲለወጥ ቋጠሮውም መጥበቂያውም አብሮ ይለወጣል። ትንሿ ታንኳ ላይ ግን የምናየው ወይ ክር ነው፣ ወይ ያገኙት ነገር ነው። የልጥ ዘመን ናት? የናይለን ዘመን ናት? አትናገርም።

ሥራዋስ? ለአንድ ዓሣ አስጋሪ የምትበቃው ታንኳና ከዘጌ እንጨት ጭና ባሕር ዳር የምትገባው ታንኳ አንድ አይደሉም። ርዝመታቸውም ውፍረታቸውም ለየቅል ነው። ዓሣ አስጋሪውም ዘመን አለው። የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ጣና ላይ በፕሮጀክት መልክ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ የግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት ባመጡት ሥራ። ከዚያ በፊት የነበረው አስጋሪ ሌላ ዕቃ ነበር የሚይዘው። ዓሣን በብርብራ ፍሬ ማደንዘዝም ነበረ። ትንሿ ታንኳ ላይ አንዳንዴ አንድ ሰው ዘንግ ይዞ ይቆማል። ምን ሊያደርግ እንደወጣ ግን ማንም አያውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

አንዱ «ይኼ ሰውዬ አበዛው፤ የማስታወሻ ዕቃ እኮ ናት!» ይለኛል። ልክ ነው፤ ማስታወሻ ናት። እኔም የምጠይቀው ምን እንደምታስታውስ ነው።

ትንሽ ነገር መዝለል ምን እንደሚያስከትል ከጣና ደንገል በላይ የሚመሰክር የለም። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ተነሣ። ለማሳየትም እ.ኤ.አ. በ1969፣ በእኛ 1961 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ 12 ቶን ደንገል ከጣና አስጭኖ ግብፅ ወሰደ። ከፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። አምሳያው የተወሰደው በጥንት መቃብሮች ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች ነው። በሥዕሎቹ ላይ የጀልባዋ የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ከጫፉ ወደ ወለሉ አንድ ገመድ ይወርዳል። ሄየርዳልና ሰዎቹ ገመዱን አይተውታል። ግን ቁልምሙን ጎትቶ ለመያዝ ብቻ ያለ መሰላቸው፤ ቁልምሙ ያለ ገመድም ቀጥ ብሎ ቆመላቸው፤ ስለዚህ ተውት።

ራ ግንቦት ላይ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ደንገሉ አላሳፈረም። የፓፒረስ ዐዋቂዎች በሁለት ሳምንት ይሰጥማል ያሉት ደንገል 5,000 ኪሎ ሜትር ግድም ተጓዘ። የኋላዋ ግን ከቀን ቀን እየዘቀጠ ሄደ። ለካ ያቺ ገመድ ጌጥ አልነበረችም፤ የጀልባዋን የኋላ ወለል እንደ ሞላ ወጥራ የምትይዝ ነበረች። ከሳፊ ከተነሡ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ባርቤዶስ ደሴት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጀልባዋን ትተው ወጡ። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ዳግማዊት ራ ተሠራች። ደንገሏ እንደገና የኢትዮጵያ፣ ሠሪዎቿ ግን ከደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው ኮን-ቲኪ ሙዚየም ቆማለች።

እስቲ አስቡት። አራት ሺህ ዓመት ግድም የቆየ ሥዕል ላይ ያለች አንዲት መስመር! ሠዓሊው ስለጌጥ ሣላት ብለን ብንዘልላት መርከብ ታሰጥማለች። ሠዓሊው ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባው እንኳ ያየውን ሣለ፤ እሱ ስላልዘለለ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ተመልሶ ሊያርም ቻለ። የትንሽ ዝርዝር ጥቅሙ ይኼ ነው፤ ዛሬ የማይገባንን ነገር ለሚገባው ሰው ማቆየት።

እዚህ ላይ የሚያንገበግብ ነገር አለ። ደንገሉ የጣና ነው፤ ሠሪዎቹ ግን አንዴ ከቻድ፣ አንዴ ከቲቲካካ መጡ። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት አባቶች ይህን ዐይተው ይመስላል። ዓለም ስለ ራ ሲያወራ ስለ ቡዱማም ስለ አይማራም ጥበብ አወራ። የጣና ታንኳ ሠሪ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የሣር አቅራቢ ሆኖ ቀረ።

የጣና ታንኳ ሠሪ ደግሞ ማን እንደሆነ ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ነገደ ወይጦ ናቸው። ጥበቡ በዋናነት የእነሱ ነው። ታንኳውን፣ ምንጣፉን፣ ቅርጫቱን፣ ወፍጮ ድንጋዩን ሲሠሩልን ኖረዋል። እኛ በበኩላችን ጉማሬ ይበላሉ ብለን ማዕድ ስንለያቸው፣ ስማቸውን ለስድብ ስናውለው ኖረናል። በታንኳቸው ተሻግረን ገዳም እንሳለማለን፤ ተመልሰን እጃቸውን አንጨብጥም። ይህን ያልኩት ነገር ለማክረር አይደለም። ትንሿ ታንኳ ላይ ዝርዝሩ ለምን እንደጠፋ መልሱ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። ሰውየውን ያላከበረ ገዢ ሥራውን ጠጋ ብሎ አያይም። ጠጋ ብሎ ለማያይ ገዢ ደግሞ ማን ሞኝ ነው ሁለተኛ ንጣፍ የሚያነጥፍ?

ስለዚህ ትችቴ ሠሪው ላይ አይደለም። ሠሪውማ ያውቃል። ታንኳ ሠርቶ የተሳፈረ ሰው ውስጧ ምን እንዳለ አንተም እኔም አንነግረውም። ግን ገበያው «ቶሎ በል፣ ቀንስ፣ አሳንስ» ነው የሚለው። የሚያሳንሰውም በአሳቻ ነገር ነው። የደንገል አገዳ በ1 ለ 10 መጠን አያንስም! 5 ሜትር ታንኳ 50 ሳንቲ ሜትር ስትሆን 3 ሳንቲ ሜትር የነበረ አገዳ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ያለዚያ ትንሿ ታንኳ ከግንድ የተሠራች ትመስላለች። ስለዚህ ሠሪው ወይ ልጡን መሰንጠቅ፣ ወይ ቀጫጭኑን ከጫፉ መልቀም፣ ወይ ሌላ ቀጭን ሣር መፈለግ አለበት። ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። ለአንድ ሻይና አንድ ብስኩት በሚከፈል ዋጋ ማን ይሠራዋል? የጀቱ ሰውዬ ለአንዲት አንቴና ከታንኳዋ ዋጋ በላይ ይከፍላል። ልዩነቱ የእጅ አይደለም፤ የጥያቄ ነው። እሱ «የትኛው?» ይላል፤ እኛ «ስንት ነው?» እንላለን።

እንዲህ ሲባል ዝርዝርን የሚጠይቅ ፈረንጅ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ግብፃውያኑን እዩአቸው። ቴብስ ላይ በመከትሬ መቃብር ውስጥ የዛሬ አራት ሺህ ዓመት ግድም የተቀበሩ የጀልባ አምሳያዎች እ.ኤ.አ. በ1920 ተገኝተዋል። ከመካከላቸው ሁለት የደንገል ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው የዓሣ መረብ ሲጎትቱ የሚያሳይ አለ፤ ሰዎቹ አሉ፤ መረቡ አለ፤ ዓሣው አለ። የተሠራው ለቱሪስት አልነበረም፤ ለሙት ነበር። ሙት እንኳ «የትኛው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል ብለው ፈርተው ነው መሰል አንዱንም አልዘለሉም። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ዓሣ አስጋሪ ስናወራ ከምንመሰክርባቸው ነገሮች አንዱ ያ ሞዴል ነው።

የእኛዋ ታንኳ ግን መቃብር አትጠብቅም። ታንኳ ወራት እንጂ ዓመታት አትቆይም። ውኃ ትጠጣለች፤ ትከብዳለች፤ ትበሰብሳለች፤ ሌላ ይሠራል። አንድ ጀት ቢሰበር ንድፉ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ፎቶው አለ፤ መመሪያው አለ። የታንኳ ንድፍ ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደንገሉ ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። የጣና ረግረግ ለእርሻ እየታረሰ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ውኃ ከፍና ዝቅ የሚለው በሰው እጅ ነው። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁ ላይ ታየ፤ ወሬው ለሁላችን የደረሰ ነው። ልጆቹም ደንገል ከማሰር ሌላ ሥራ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። አንድ ቀን ትልቋ ታንኳ ከሐይቁ ላይ ትጠፋና ትንሿ ብቻ ትቀር ይሆናል። ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻችን ታንኳ ማለት ቴሌቪዥን ላይ ያለችው ጎድጎዳ ነገር ናት ብለው ያምናሉ። አንዱ ጎበዝ ተነሥቶ «እስቲ በትልቁ እንሥራት» ቢል እንደሷ ይሠራታል፤ በመጀመሪያው ማዕበል ላይም የራ ዕጣ ይገጥመዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁሉም ማስታወሻ ሠሪ ወራት የፈጀ ታንኳ ይሥራ አልልም፤ ርካሿም ትሸጥ፤ ልጅ ያሳድጉባታል። ግን ከጎኗ ሌላዋም ትኑር፤ ዕውቀት ያለባት፣ ዋጋዋም የሚያኮራ። ከሥሯ በወረቀት «የአንድ ሰው ዓሣ ማስገሪያ፣ የናይለን ዘመን» ወይም «የዘጌ እንጨት ጫኝ፣ የልጥ ዘመን» ተብሎ ይጻፍባት፤ ሠሪው ከፈቀደም ስሙ ይታከልባት። እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማሪታይም አካዳሚ ተከፍቶ ለባሕር ማዶ መርከቦች መሐንዲሶች ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። ባሕር የሌላት አገር የመርከብ መሐንዲስ ካፈራች፣ ከሐይቁ ዳር ያለችውን ታንኳ ሜትር ይዞ ከንጣፍ እስከ ቋጠሮ የሚለካ ተማሪ ልታጣ አትችልም። አስተማሪዎቹም አጠገቡ ናቸው፤ ነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች። ለአስተማሪነታቸው እንደ አስተማሪ ይከፈላቸው እንጂ!

ሆቴሎቻችንም እንግዳ መቀበያቸው ላይ የምትቀመጠዋን ታንኳ ሲገዙ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ አይጎዱም። እናንተም ብትሆኑ በሚቀጥለው ጣና ስትሄዱ ከመከራከራችሁ በፊት ቁጭ በሉና «አባቴ፣ ይህቺ የትኛዋ ታንኳ ናት?» በሉ። መጀመሪያ ግራ ሊገባቸው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ተጠይቀው አያውቁማ። ከዚያ ግን ማውራት ይጀምራሉ።